«እግረ መንገድሽን ይህችንም እይልኝ»፦ የሦስት ወሩ የማማከር ሥራ ስድስት ወር ሲፈጅ

ጥያቄው፦ «ዘጠኝ ዓመት የፋይናንስ ኃላፊ ሆኜ ከሠራሁ በኋላ ለቅቄ የማማከር ፈቃድ አወጣሁ። የመጀመሪያ ደንበኛዬ ቃሊቲ አካባቢ ያለ የቤተሰብ ብስኩት ፋብሪካ ነው። ውላችን ‹የስቶክ እና የሽያጭ ቁጥጥር ሥርዓት መዘርጋት› ይላል። ሦስት ወር ተባብለን ስድስተኛው ላይ ነን። ባለቤቱ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ይጨምራሉ፣ ሠራተኞቹ መረጃ አይሰጡኝም፣ ከክፍያው የገባልኝ ግማሹ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው? የሚቀጥለውንስ ሥራ እንዴት ላቅድ? ወንድሜ፣ ሳትሸፋፍን መልስልኝ።»

እህቴ፣ ሳልሸፋፍን ልመልስልሽ። ግማሹ ጥፋት ያንቺ ነው። ያለው ግን አንቺ በጠረጠርሽው ቦታ አይደለም።

ጥያቄሽን ሳነብ ዓይኔ የቆመው ስድስት ወሩ ላይ አልነበረም። «የቁጥጥር ሥርዓት መዘርጋት» የሚለው ላይ ነው። ይህ አባባል ዳር ድንበር የለውም። ሥርዓት ተዘረጋ የሚባለው መቼ ነው? መጋዘኑ ሲቆጠር? ማኑዋል ሲጻፍ? ሶፍትዌር ሲገባ? ሠራተኛው ሲለምደው? ባለቤቱ «እግረ መንገድሽን የሹፌሮቹን ነዳጅም እይልኝ» ሲሉሽ እምቢ የምትይበት ቃል ውሉ ውስጥ የለም። ነዳጅም ቁጥጥር ነዋ። የጥበቃ ፈረቃም ቁጥጥር ነው። ስለዚህ ሰውየው ስግብግብ ናቸው ብዬ አልፈርድም። በሩን ከፍተሽ ትተሽላቸዋል።

ደንበኛ አማካሪ የሚጠራው የሆነ ነገር መወሰን ሲያቅተው ነው። ዱቤ ላቁም ወይስ ልቀጥል? ሁለተኛ ማሽን ላስገባ ወይስ ያለውን በሁለት ፈረቃ ላሠራ? ለልጄ ላስረክብ ወይስ ሥራ አስኪያጅ ልቅጠር? ይህን ግን አፍ አውጥቶ አይናገርም። የሚናገረው «ሥርዓት ዘርጊልኝ»፣ «ጥናት አጥኚልኝ»፣ «ስትራቴጂክ ፕላን ሥሪልኝ» ነው። የመጀመሪያው ሥራሽ ከዚህ ቃል ጀርባ ያለውን ውሳኔ ማግኘት ነው። ውሳኔው ሲታወቅ ሥራው ድንበር ያገኛል። ለዚያ ውሳኔ የሚያስፈልገው ይገባል፣ የማያስፈልገው ይወጣል። ካልታወቀ ሁሉም ነገር «እግረ መንገድሽን» ይሆናል።

ስለ «ቁጥጥር» ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የቤተሰብ ድርጅት ባለቤት ቁጥጥር ሲል ብዙ ጊዜ በሆዱ የያዘው አንድ ሰው አለ። የእህት ልጅ ይሆናል፣ የሽያጭ ኃላፊ ይሆናል። ስሙን አይነግሩሽም። ሠራተኛው ግን ገና በበር ስትገቢ ገብቶታል። «ይቺ ሴትዮ የመጣችው እገሌን ልትይዝ ነው» ተብሏል፣ ሻይ ሰዓት ላይ። መረጃ የማይሰጡሽ ሰነፍ ስለሆኑ አይመስለኝም። በራሱ ላይ ምስክር መሆን የሚፈልግ ማን አለ? ይህን ከባለቤቱ ጋር ለብቻችሁ ተነጋገሩበት። ጥርጣሬ ካላቸው እሱ የኦዲት ሥራ ነው፤ በሌላ ሰው፣ በሌላ ውል ይሠራ። አንቺ የመጣሽው አሠራር ልታስተካክዪ ነው። ሌባ ፍለጋውን ከደረብሽበት ሁለቱም ይበላሹብሻል።

እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሥራዬ ነበር። አንድ ጨርቃ ጨርቅ አስመጪና ጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ቀጠረኝ። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፤ ውጭ ተምሮ የመጣ፣ ስላይድ የሚወድ። ውሉን የፈረመው እሱ ነው፣ በየሳምንቱ የማገኘውም እሱን ነው። አራት ወር ሠራሁ። መርካቶ ካሏቸው ሦስት ሱቆች አንዱን ዘግተው ገንዘቡን ወደ ክልል ከተሞች ሽያጭ ያዙሩት የሚል ምክር ይዤ ቀረብኩ። 120 ገጽ ሪፖርት፣ ከነአባሪው። ልጁ ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው። ከዚያ ምን አለኝ? «በጣም አሪፍ ነው። እማዬን ልጠይቃት።»

እናትየው መዋቅሩ ላይ የሉም። የሥራ መደብም የላቸውም። ከትልቁ ሱቅ ጓዳ፣ ከጣቃዎቹ መሃል፣ አንዲት ዱካ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ሄጄ አገኘኋቸው። ሪፖርቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መዘን መዘን አደረጉትና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። አልገለጡትም። «ልጄ፣ የሚዘጋው የትኛው ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እሱማ የአባታቸው ነው» አሉ። አለቀ። የአራት ወር ሥራ በሦስት ቃል ተዘጋ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሄጄ አንድ ሻይ አብሬያቸው ብጠጣ ኖሮ ይህን በአሥር ደቂቃ እሰማው ነበር። ያኔ ከሌሎቹ ሁለት ሱቆች አንዱን ብንዘጋስ ብዬ ሒሳቡን እሠራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ውል ከመፈረሜ በፊት ሦስት ሰዎችን እፈልጋለሁ። ገንዘቡን የሚከፍለውን፣ ውሳኔውን የሚወስነውን፣ ከተወሰነ በኋላ የዕለት ሥራው የሚለወጥበትን። በትልቅ ድርጅት ሦስቱ በተለያየ ፎቅ ይገኛሉ። በቤተሰብ ድርጅት አንዱ ፋብሪካው ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ቤት ነው ያለው። አንቺ ባለቤቱን ብቻ ነው የጠቀስሽልኝ። ሚስታቸውስ? ወንድም የላቸውም? አክሲዮን የያዙ ልጆችስ?

አሁን ያለሽበትን እንፍታ። አዲስ ሪፖርት አትጻፊ። ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፊ። አንደኛው ገጽ ላይ እስከ ዛሬ ያስረከብሽውን፣ ቀኑንና የተቀበለውን ሰው አስፍሪ። ሁለተኛው ላይ በቃል የተጨመሩትን ሥራዎች በሙሉ ደርድሪ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ስንት ቀን እንደፈጀብሽ ጻፊ። የነዳጁን፣ የፈረቃውን፣ ለባንክ ብድር የሠራሽላቸውን ፕሮፖዛል። (እንደሠራሽላቸው እገምታለሁ። ሁልጊዜ አለ።) ዋጋ አትጻፊበት፣ ቀኑን ብቻ። ከዚያ ቀጠሮ ያዢና ደብዳቤውን ከመስጠትሽ በፊት ይህን ጠይቂ፦ «ጋሼ፣ ይህ ሥራ ባለቀ ማግስት እርስዎ ምን ያደርጋሉ?» ጠይቀሽ ዝም በይ። ዝምታው ቢረዝምም አትሙይው።

ይህን ጥያቄ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ከውሉ ጋር ገጥሞልኝ አያውቅም። አንድ የዱቄት ፋብሪካ ባለቤት የሰው ኃይል መዋቅር ሥራልኝ ብለው ቀጥረውኝ ነበር። ስጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹና «ልጄ ካናዳ ነው ያለው። ይመጣል አይመጣም የሚለውን ልወቅና እሸጠዋለሁ» አሉ። ሊሸጥ ላሰበ ሰው አዲስ መዋቅር ምን ይሠራለታል? የሚያስፈልጋቸው ገዢ ሊያየው የሚችል ንጹሕ ሒሳብና የፋብሪካው ግምት ነበር። ውሉን እንደገና ጻፍነው። ሥራው አጠረ፣ ክፍያው ግን አልቀነሰም።

አንቺም ያንን አንድ ውሳኔ ስታገኚ የቀረውን ሥራ በሱ ልክ ቁረጪ። የሚወጣውን ሁሉ «ምዕራፍ ሁለት» በሚል ሌላ ወረቀት ላይ አስፍሪ። እምቢ አላልሻቸውም፣ ተራ አስያዝሽ። ለሳቸው ይህ ትልቅ ልዩነት አለው። ከዚያ የቀረውን ክፍያ ከቀረው ሥራ ጋር አያይዛችሁ አጭር የውል ማሻሻያ ተፈራረሙ። በስልክ «እሺ፣ ችግር የለም» ተባብሎ ማለፍ ነው እዚህ ያደረሰሽ። በቃል የተጨመሩትን ቀናት ግን ይከፍሉኛል ብለሽ አትጠብቂ። እሱን የመማሪያ ክፍያ ነው በይና እለፊው። ዝርዝሩ የሚጠቅምሽ ለክርክር አይደለም። ባለቤቱ በቃል የጨመሩትን ሁሉ አንድ ላይ ተደርድሮ አይተውት አያውቁም። ሲያዩት ብዙዎቹ ይደነግጣሉ።

የሚቀጥለውን ሥራ ስታቅጂ ከመጨረሻው ቀን ጀምረሽ ወደ ኋላ ቁጠሪ። ባለቤቱ ለጅምላ ነጋዴዎች የሚሰጡትን ዱቤ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ለመገደብ ያስባሉ እንበል። የበጀት ዓመቱ የሚዞርበት ስለሆነ ቀኑ ጥሩ ነው። ነጋዴዎቹ ቀድመው መስማት አለባቸው፤ ስለዚህ ውሳኔው ሰኔ 15 ላይ ያልቃል። ለዚያ ረቂቁ ሰኔ 1 ባለቤቱ እጅ ይግባ። ለዚያ ደግሞ የዱቤ መዝገቡ ግንቦት አጋማሽ ላይ ተጣርቶ ይለቅ። ማጣራቱ ሦስት ሳምንት ከፈጀ መረጃው በሙሉ ሚያዝያ 20 አካባቢ እጅሽ ላይ መሆን አለበት። እንዲህ ስትቆጥሪ ሚያዝያ 20 ካለፈ ሐምሌ 1 እንደሚያልፍ በግልጽ ይታይሻል። ለባለቤቱም ታሳያቸዋለሽ። ወደ ፊት ሲቆጠር ግን ሦስት ወር ሁልጊዜ የሚበቃ ይመስላል።

ቀን መቁጠሪያውንም በደንብ እዪው። ሚያዝያ ላይ የሠራተኞች ቀንና የአርበኞች ቀን በአራት ቀን ልዩነት ይውላሉ፤ ፋሲካ እዚያው አካባቢ ከዋለ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሄደ በይ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 የሒሳብ ክፍሉን እርሺው። የደረጃ «ሀ» ግብር ማሳወቂያ አለባቸው፣ ኦዲተሩ ተቀምጧል፣ ላንቺ ፋይል የሚያወጣ ሰው አይኖርም። ምግብ የሚያመርት ደንበኛ ሲሆን ጾሙ ቁጥርሽ ውስጥ ይገባል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ወተትና ቅቤ ያለበት ብስኩት ይወርዳል፣ «የጾም» የሚል የተጻፈበት ይነሳል። የመጋቢትን ሽያጭ ከጥር ጋር አወዳድረሽ «የወተቱ ብስኩት ገበያ አጣ» ብለሽ ብትጽፊ የሱቅ ልጅ ይስቅብሻል።

ስለ መረጃ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሥራ የሚሰምጠው እዚህ ነው። የሒሳብ ሶፍትዌሩ፣ ፒችትሪው፣ በፈረንጅ ቀን ይሠራል። የስቶር ኪፐሩ ደብተር በኢትዮጵያ ቀን ነው። «5/6» የሚለው የካቲት 5 ነው? ጁን 5? ሜይ 6? ቀኑን ብታውቂ እንኳ ወሩ ራሱ አይገጥምም። የፈረንጁ ወር የሚገባው የኛ ወር ሃያዎቹ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ የሁለቱ የወር መጨረሻ ስቶክ መቼም እኩል አይመጣም። እንዲህ ያለ ልዩነት «ጉድለት» ተብሎ አንድ ሰው ከሥራ ሊታገድ ሲል ደርሻለሁ። የመጀመሪያ ሳምንት ሥራሽ ይህ ይሁን፦ ሁሉም መዝገብ በየትኛው ቀን እንደሚጻፍ ጠይቂና አንዱን ምረጪ።

አንድ የምግብ ፋብሪካ ውስጥ የገጠመኝን ላሳይሽ። ስቶር ኪፐሯን ሁሉም «እቴቴ» ይሏቸዋል። መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ አምስቱ ማዎች ተለጥፈዋል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ወረቀቱ ጠርዙ ተልጧል፣ «ማዝለቅ» የሚለው ላይ የጭነት መርሐ ግብር ተለጥፎበታል። ካይዘን መጥቶ ሄዷል ማለት ነው። እቴቴ የመጣ የሄደውን ሁሉ አይተዋል፤ እኔንም እንደዚያው ነው ያዩኝ። ቢን ካርዶቹ (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍባቸው) በሥርዓት ተሞልተዋል፣ ቁጥሩ ግን ከመደርደሪያው ጋር አይገጥምም። ስጠይቃቸው «ካርዱ ላይ ያለው ነው» ብቻ ይሉኛል።

መጠየቅ ተውኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሄጄ ካርቶን ሲወጣና ሲገባ አብሬያቸው ቆጠርኩ። በአራተኛው ቀን ቡና ተፈልቶ «እስቲ ይቺን እይ» አሉና ከመሳቢያቸው ደብተር አወጡ። ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ፣ ባለ አራት ማዕዘን ደብተር። አንዳንዱ ቁጥር ጎን ትንሽ ክብ አለች። ክቧ ምንድን ናት? «ተመላሽ» አሉኝ። ነጋዴው የተሰባበረ ካርቶን ሲመልስ ሾፌሩ በምትኩ አዲስ ይወስዳል፤ ወረቀት የለውም፣ የሽያጭ ክፍሉ በስልክ ነው የሚያዘው። ክቦቹን ደመርናቸው። ፋብሪካው ለሁለት ዓመት «ስርቆት» ሲለው ከነበረው ጉድለት አብዛኛው እዚያ ተገኘ። እቴቴ ለምን እስከዛሬ አልተናገሩም? ማንም ሥራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ ጠይቋቸው አያውቅም። የሚጠየቁት «የት ደረሰ?» ተብለው ነው።

ይህን ጊዜ ዕቅድሽ ውስጥ አስገቢው። ዕቅዱ ላይ «መረጃ መሰብሰብ፣ አንድ ሳምንት» ብለሽ አንድ መስመር አታስምሪ። የሰነድ ጥያቄውን በደብዳቤ አድርጊው፤ ምን እንደሚፈለግ፣ ከማን፣ እስከ መቼ። ውሉ ላይ ደግሞ መረጃው አንድ ሳምንት ቢዘገይ የማስረከቢያው ቀንም አንድ ሳምንት እንደሚገፋ ይጻፍ። ከድርጅቱ አንድ ተጠሪ ይመደብልሽ፤ ከሳምንቱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ላንቺ የሚሰጥ። እኔ ተጠሪ ካልተመደበልኝ ሥራ አልጀምርም። ይህን ያልኳቸው ሁለት ደንበኞች ትተውኝ ሄደዋል፣ አልከፋኝም።

ገንዘብ ላይ ላንቺ ብዙ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግን የራስን ዋጋ መተመን የሰው ሒሳብ ከመሥራት ይለያል። ሦስት ወር 13 ሳምንት ነው፣ በአምስት ቀን 65 የሥራ ቀን። ስድሳ አምስቱን ለአንድ ደንበኛ መሸጥ አትችይም። ሌላ ፕሮፖዛል ትጽፊያለሽ፣ ገቢዎች ትሄጃለሽ፣ ትታመሚያለሽ። እኔ ከሳምንቱ ሦስት ቀን ብቻ ነው የምሸጠው፤ 39 ቀን ይሆናል። ሥራው ከዚያ በላይ ቀን ከፈለገ ወይ ጊዜው ይርዘም ወይ ሰው ይጨመር። ዋጋውን በነዚህ ቀኖች ተምኚ እንጂ «እገሌ በዚህ ያህል ሠራ» በሚል ወሬ አይሁን። 400,000 ብር ስትዪ ቫት ከነ 15 በመቶው ውስጡ ነው ወይስ ውጭ? 60,000 ብር ነው የሚያከራክረው። በጽሑፍ ይቀመጥ። ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያሽ ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር) ሲቆርጡብሽም ደረሰኙን በዚያው ዕለት ተቀበዪ፤ በዓመቱ መጨረሻ አስወጡልኝ እያልሽ እንዳትመላለሺ።

አከፋፈሉን 30፣ 30፣ 30 እና 10 አድርጊው። የመጨረሻው ከዚያ አይብለጥ፤ ቢቀርም የማይገድልሽ ይሁን። «ሲጸድቅ ይከፈላል» የሚል ውል ቀን ከሌለው ዋጋ የለውም። የኔ ውሎች ላይ «በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ አስተያየት ካልተሰጠ እንደጸደቀ ይቆጠራል» የሚል አለ። ያንቺ ግማሽ ክፍያ የቀረው በዚህ ይመስለኛል፦ ማጽደቅ የሚባል ነገር አለ፣ የሚጸድቅበት ቀን ግን የለም።

ሌላው፣ የሦስተኛ ወገን ወጪ በራስሽ ዋጋ ውስጥ አታስገቢ። እኔ ሰኔ 2016 ላይ በዶላር የሚገዛ የሶፍትዌር ፈቃድ ጠቅልዬ በብር ዋጋ ሰጠሁ። ሐምሌ 22 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በ57 ብር ገደማ ያሰላሁት ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ልዩነቱን ከኪሴ ከፈልኩ። አሁን ፈቃዱንም፣ ኮምፒውተሩንም፣ የማተሚያውንም ደንበኛው በቀጥታ ይገዛል፤ እኔ መምረጡን ብቻ አግዛለሁ።

ሥራው ሲሄድ የምትከታተዪበት ሶፍትዌር ምን ይሁን የሚሉኝ አሉ። ኤክሴል ይበቃል። የሚያስፈልግሽ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት የሚደረግ የግማሽ ሰዓት ስብሰባ ነው፣ ወሳኙ ሰው የሚቀመጥበት። ሲያልቅ እዚያው ቁጭ ብለሽ በቴሌግራም ሦስት መስመር ላኪ፤ ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ። ሰው ቃለ ጉባኤ አያነብም፣ ቴሌግራም ያነባል። አዲስ ጥያቄ ከመጣ በዚያው ላይ «ምዕራፍ ሁለት፣ 4 ቀን» ብለሽ አስፍሪው። ባለቤቱ ቀኑን ሲያዩ ግማሹን ራሳቸው ይሰርዙታል።

ግን ስብሰባ ላይ በተባለው ብቻ አትተማመኚ። እኛ አገር ሰው ስብሰባ ላይ አይቃወምም። ዝም ይላል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሲወጣ በረንዳ ላይ «ይሄ የሚሆን ነገር አይደለም» ይላል። መጀመሪያ ላይ ዝምታውን እሺ ማለት አድርጌ እቆጥረው ነበር። አሁን የመጨረሻውን ገለጻ ከማድረጌ በፊት የሚነካቸውን ሰዎች አንድ በአንድ፣ በየቢሯቸው አገኛለሁ። የሽያጭ ኃላፊውን «ዱቤ ማጽደቅ ካንተ ወደ ሒሳብ ክፍል ይሄዳል ብዬ ልጽፍ ነው፣ ምን ትለኛለህ?» እለዋለሁ። ይቆጣል። ይቆጣ፤ ለብቻችን ሆነን ቢቆጣ ይሻላል። አንዳንዴ ቁጣው ውስጥ እኔ ያላየሁት እውነት አለ። አንዱ «አዳማ ያለው ነጋዴ ገንዘብ የሚያስገባው እሁድ ማታ ነው፣ ሰኞ ጠዋት መኪናው ይጫናል፣ ሒሳብ ክፍል ሦስት ሰዓት ነው የሚገባው» አለኝ። ትክክል ነበር። በዚያች ምክንያት የማጽደቂያውን አካሄድ ቀየርኩት። እሱም ገለጻው ቀን «ተነጋግረንበታል» አለ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም።

ማስረከቡን በወረቀት ብቻ አትጨርሺው። አንድ የወር መዝጊያ አብረሻቸው ሁኚ። መጀመሪያ አንቺ ሥሪ፣ እነሱ ይዩ። በሚቀጥለው ወር እነሱ ይሥሩ፣ አንቺ ወንበር ይዘሽ ተቀመጪ፣ እጅሽን ከኪቦርዱ አርቂ። ያንን ቀን ዋጋሽ ውስጥ አስቀድመሽ ቁጠሪው።

ደብዳቤውን ደግሞ በሥራ ሰዓት አትውሰጂው። ቅዳሜ ከሰዓት ሂጂ፣ ማሽኑ ሲቆምና መኪኖቹ ሲወጡ። ባለቤቱ ያኔ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው ያስቀምጣሉ። ሚስታቸው በዚያ ሰዓት ወደ ፋብሪካው የሚመጡ ከሆነ «እትዬ፣ እርስዎም ይቀመጡ» በያቸውና ጥያቄውን ሁለቱ ባሉበት ጠይቂ።